ከእድራችን መኪና ጣሪያ የተቆረጠው ዐሥር ሳንቲ ሜትር

ቀጠሮ የሚያፈርስ የእጅ ባለሙያ፣ እጁ የቱንም ያህል የሰላ ቢሆን፣ ባለሙያ ተብሎ ሊጠራ አይገባውም። ይህን ፍርድ በሠላሳ አንድ ዓመት የማስተማር ዘመኔ ለተማሪዎቼ ደጋግሜ ተናግሬዋለሁ፤ በልብስ ሰፊዎች፣ በአናጢዎችና በቧንቧ ሠራተኞች ላይም ሳላወላውል ፈጽሜዋለሁ። ለቅዳሜ ብሎ ለማክሰኞ የሚያደርስ ሰው የሌላውን ሰው ሦስት ቀን ያለ ፈቃዱ ወስዷል። ዛሬም ቢሆን ይህን ለማስተባበል አልተነሣሁም። ባለፈው ዓመት ግን ይህንኑ ፍርድ በአንድ ባትላሜራ ላይ አሳርፌው ነበርና የተከተለውን ሳላስቀር መጻፍ ይገባኛል።

ሰውየው ኑሪ ይባላል። ሥራው የተጋጨ መኪና ላሜራ ቀጥቅጦ ወደ ቅርጹ መመለስ ነው። ከስልጤ፣ ከዳሎቻ አካባቢ፣ በዐሥራ አራት ዓመቱ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ ለሊሳ ከሚባሉ አለቃ ዘንድ ገባ። አለቃ ለሊሳ መዶሻ ከማስያዛቸው በፊት ስምንት ወር ሙሉ ዓይኑን ጨፍኖ ላሜራ በመዳፉ እንዲዳብስ ብቻ አደረጉት፤ ዓይን በቀለም ይታለላል፣ መዳፍ ግን ጉድጓዱን ያገኘዋል ይሉት ነበር። ዛሬ አምሳ ስምንት ዓመቱ ነው። ከመካኒሳ አቦ ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብሎ ወደ ወንዙ በሚወርደው መንገድ ዳር በቆርቆሮ የተከለለ ግቢ አለው። ከመዶሻው ብዛት የግራ ጆሮው ደንቁሯል፤ ስለዚህ ሰው ሲያናግረው ፊቱን ወደ ጎን መልሶ ቀኝ ጆሮውን ያቀርባል። የማያውቀው የናቀው ይመስለዋል። እኔም ለብዙ ጊዜ መስሎኝ ነበር።

ስለ ሥራው አንድ ነገር ብቻ እናገራለሁ። ሌላው የላሜራውን ጉዳት በስቱኮ ሞልቶ፣ ቀለም ቀብቶ ያስረክባል። ኑሪ ግን ስቱኮ የገባበትን ቦታ ከቀለም በፊት ለባለ መኪናው በጠመኔ አክብቦ ያሳየዋል። በዚህ ምክንያት ጉድለቱ እንዲታይ የማይወዱ ደንበኞች ሸሽተውታል። እርሱ ልማዱን አልተወም።

ኑሪ የእድራችን አባል ነው። እድራችን መቶ ዐርባ ሁለት አባላት አሉት፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በአንድ መዝገብ ሠፍሯል። ሰብሳቢያችን ወይዘሮ ተናኘወርቅ ናቸው፤ ጸሐፊው እኔ ነኝ። ድንኳኑን፣ አግዳሚ ወንበሮቹንና ድስቶቹን ወደ ለቅሶ ቤት የምታደርሰው ዕድሜዋ ከእኔ ብዙ የማያንስ አሮጌ ላንድሮቨር ፒክአፕ ናት። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ የነዳት ግዛው ነው። ግዛው ቁመቱ አጭር፣ አንደበቱ ግን የማያርፍ ሰው ነው፤ እርሷን ከመንዳት በቀር ሌላ መተዳደሪያ የለውም።

የእድሩ ዕቃ ቤት በር ከላዩ የስብሰባ አዳራሹን የተሸከመ የኮንክሪት አግዳሚ አለው። ባለፈው ዓመት ጥር ላይ የሰፈራችን መንገድ ኮብልስቶን ሲነጠፍ መሬቱ ከፍ አለ። ለመንገዱ ያላመሰገነ አልነበረም፤ በየክረምቱ ሬሳ በጭቃ ውስጥ የተሸከምን ሰዎች ነን። ንጣፉ ባለቀ ማግስት ግን ላንድሮቨሯ ወደ ዕቃ ቤቱ ልትገባ ስትል ጣሪያዋ አግዳሚውን ገጨው። ስድስት ሳንቲ ሜትር በልጣ ተገኘች። አግዳሚው ቢፈርስ አዳራሹ ይናዳል። መሬቱ እንዳይቆፈር ከሥሩ የፍሳሽ ቱቦ ያልፋል። ውጭ እንዳትቆም ደግሞ በአዲሱ መንገድ ላይ መኪና ማሳደር ተከልክሏል።

ግዛው የራሱን መላ ፈጠረ። ሲመሽ የአራቱንም ጎማ ነፋስ አስተንፍሶ፣ ወደ መሬት ዝቅ አድርጎ ያስገባታል፤ ሲነጋ ገፍቶ አውጥቶ በእግር መንፊያ ይሞላታል። ዐቢይ ጾም ገብቶ ነበርና የጀሞ ታክሲ ረዳቶች፣ «ጋሽ ግዛው፣ መኪናዋም ጾም ያዘች እንዴ?» እያሉ ይቀልዱበታል። እርሱም፣ «እሷስ ማታ ማታም ቢሆን ትጾማለች፤ እናንተን ነው ያላየሁ» ይላቸዋል።

ቀልዱ ያበቃው አባላችን ወይዘሮ አማከለች ባረፉ ዕለት ነው። በዚያ ጠዋት አንዱ ጎማ ነፋስ አልይዝ አለ። ድንኳኑ ከለቀስተኛው ሁለት ሰዓት ዘግይቶ ደረሰ፤ የሟች እኅቶች በእርጅና ዕድሜያቸው በየካቲት ፀሐይ ቆመው ቆዩ። እድር የተቋቋመው ለዚያች ሰዓት ነው፤ በዚያች ሰዓት ካልተገኘ ሌላው ሁሉ ትርፉ ወረቀት ነው።

ስብሰባ ተጠራ። መኪናዋ ትሸጥ፣ ለቅሶ ሲኖር አይሱዙ እንከራይ የሚል ሐሳብ ቀርቦ ብዙ ሰው ደገፈው። ግዛው ከኋላ ተቀምጦ ነበር፤ ስብሰባው እስኪያልቅ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ሃያ ሰባት ዓመት ዝም ሲል አይቼው አላውቅም። ወይዘሮ ተናኘወርቅም ወደ እርሱ አየት አድርገው፣ «ሰው ብትሆን ጎንበስ ብላ ትገባ ነበር። እሷንም የሚያስጎነብሳት ሰው እንፈልግ» አሉ። ሁሉም ወደ ኑሪ ዞረ።

ኑሪ በማግስቱ መጥቶ በሩንም መኪናዋንም ለካ፤ ልኩን ሁሉ እኔ ጻፍሁለት። ሞላዋን ዝቅ ማድረግ ጭነት ለምትሸከም መኪና አይሆንም አለ። የሚበጀው የጣሪያዋን ከፍታ መቀነስ ነው፤ የፊት መስታወቱን ክፈፍ፣ የሁለቱን በሮች የላይ ክፈፍና የኋላውን ግድግዳ እኩል ቆርጦ፣ ጣሪያውን በዚያው ላይ መልሶ መግጠም። መስታወቶቿ ዝርግ ስለሆኑ መስታወት ቆራጭ ያስተካክላቸዋል። ዐሥር ሳንቲ ሜትር እንዲቆረጥ ወሰነ፤ ስድስቱ ለበሩ፣ አራቱ ለመተላለፊያ። የመንገድ ትራንስፖርት ፈቃዱን ራሴ ተመላልሼ አስጨረስሁ። ጉባኤው ግን አንድ ገደብ አስቀመጠ፦ ሥራው ለግንቦት ሦስቱ ጠቅላላ ጉባኤ ካልደረሰ መኪናዋ ትሸጣለች። ይህ ማለት ግዛው በስድሳ አንድ ዓመቱ ሥራ ይፈልጋል ማለት ነበር።

የረመዳን ጾም ነበርና ኑሪ ከኢድ በኋላ ያለውን ቅዳሜ ቀጠረን። በዚያ ቅዳሜ ስሄድ መኪናዋ ከዙሪያዋ በጠመኔ ተሰምሮባት፣ ሳትነካ ቆማለች። መቼ ይደርሳል አልሁት። ለትንሣኤ ዋዜማ አለኝ።

በትንሣኤ ዋዜማ ስሄድ የጠመኔው መስመር ከነበረበት አልተነቃነቀም። ጋቢናዋ ውስጥ ግን ከጣሪያው ዐሥር ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ አንድ ሰፊ ካርቶን በአራት ገመድ ተንጠልጥሏል፤ ከካርቶኑ ሥር ግዛው መሪ ይዞ ተቀምጧል። በራሱና በካርቶኑ መካከል ሌላ የሰው ራስ ይገባ ነበር።

«እኔን ለክተህ ከሆነማ እስከ መሪው ድረስ ቁረጠው፤ አይነካኝም» ይላል ግዛው።

ኑሪ ሳቀ። ወደ እኔ ሲዞር ግን ሳቁን ትቶ፣ «መኪናዋን ለክቻለሁ መምህር። የሚቀመጥባትን ሰው ገና አልለካሁም» አለኝ።

የሚቀመጥባት ሰው ዓይኔ ሥር ተቀምጦ ይስቃል። በእኔ ላይ የሚቀለድ መሰለኝ። መቼ ይደርሳል ብዬ ደግሜ ጠየቅሁ፤ ለዳግማይ ትንሣኤ ዋዜማ አለ። በዳግማይ ትንሣኤ ዋዜማ ስሄድ ግቢው ተዘግቷል። ጎረቤቱ ጎሚስታ፣ ኑሪ አንድ ሰው ሊያጠያይቅ ላፍቶ ሄዷል አለኝ። ሰው የራሱን ሥራ ጥሎ በላፍቶ ኮንዶሚኒየሞች ሲዞር ይውላል ብዬ ተመለስሁ።

በማግስቱ ኮሚቴው ተሰበሰበ፤ ቃለ ጉባኤውን እኔ ጻፍሁ። «ባትላሜራው ኑሪ ቃል አባይ በመሆኑ ከእንግዲህ የእድሩ ሥራ እንዳይሰጠው፣ መኪናዋም ተጎትታ እንድትመጣ ተወስኗል» ይላል። ወይዘሮ ተናኘወርቅ፣ ቃል አባይ የምትለዋ ብትወጣስ ብለው ነበር። ሦስት ቀጠሮ ቆጥሬ አሳየኋቸው፤ ፈረሙ። ወረቀቱ በአዳራሹ በር ላይ በማስታወቂያ ሰሌዳው ተለጠፈ። የለጠፍሁት እኔ ነኝ።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ ሃያ አንድ ቀን፣ ግዛውን ይዤ በሚጎትት መኪና ወደ ኑሪ ግቢ ወረድሁ።  ስንገባ ከጋቢናዋ በቀኝ በኩል አንድ ሰው ተቀምጧል። መምሬ ደምሰው ናቸው።

መምሬ ደምሰው የአቦ አገልጋይ ናቸው። ከክርስቲያን አባሎቻችን ቤት ቀብር በኖረ ቁጥር ከቤተ ክርስቲያኑ ወደ ለቅሶ ቤት የሚወስዳቸው ግዛው ነው፤ ቦታቸው ሁልጊዜ ከእርሱ ጎን ነው። ቁመተ ረጅም ናቸው፤ በዚያ ላይ ነጭ ጥምጥማቸው አንድ ስንዝር ያህል ይጨምራል። በጾሙ እኩሌታ የታመመ ወንድማቸውን ሊያስታምሙ ወደ ቡልጋ ሄደው፣ የተመለሱት የዚያን ዕለት ዋዜማ፣ ሰኞ ነበር። ኑሪ ላፍቶ የሄደው ሴት ልጃቸውን መመለሻቸውን ሊጠይቅ ኖሯል።

አሁን ከካርቶኑ ሥር አንገታቸውን ወደ ደረታቸው ሰብረው ተቀምጠዋል። ኑሪ መዳፉን በጥምጥሙና በካርቶኑ መካከል ሊያስገባ ሞከረ፤ አልገባም።

«ና እስቲ መምህር» አሉኝ፣ ከዚያው እንዳጎነበሱ። «ያስለካሃትን መኪና ተቀምጬባት እያት። እንዲህ ሆኜ ነው ወይ የሰው ልቅሶ የምደርሰው?»

 የበሩን ከፍታ፣ የመኪናዋን ቁመት፣ የድንኳኑን ምሰሶ ርዝመት፣ የወንበሮቹን ብዛት በገዛ እጄ በሃያ ሁለት መስመር ጽፌ ነበር። ግዛው ሳይቀር ተለክቷል። በየቀብሩ ከግዛው ጎን የሚቀመጡት ካህን በአንዱም መስመር አልነበሩም። የኮሚቴው አባላት ሰባት ነን፤ ስድስታችን ንስሐችንን የምንናገረው ለእርሳቸው ነው።

ኑሪን፣ «ለምን አልነገርኸንም?» አልሁት።

ቀኝ ጆሮውን አቀረበ፤ ደገምሁለት።

«ካህናችሁን ረሳችሁ ብዬ በጉባኤ ልናገር?» አለ። «ሰብሳቢዋ ያፍሩ ነበር። እኔ ብሰደብ ይሻላል፤ መዶሻ ስሰማ የኖርሁ ሰው ነኝ።»

ስለዚህ በሰሌዳው ላይ የለጠፍሁትን አንብቦታል። ከሥራው ግቢ እስከ ቤቱ በአዳራሹ በር ያልፋል።

የጎታቹን መኪና ሾፌር እንዲመለስ ነገርሁት። ጥያቄው ግን ገና አልተፈታም፤ ለጉባኤው ዐሥራ ሁለት ቀን ቀርቶናል። ከዐሥሩ ሳንቲ ሜትር ለመምሬ የሚበቃ ያህል ቢቀነስ መኪናዋ በበሩ አትገባም፤ ካልተቀነሰ መምሬ አይቀመጡባትም። ጥምጥሙን በመንገድ ላይ ያውልቁ ብሎ የሚናገር ደፋር አልነበረም። ግዛው የቀኙ መቀመጫ እግሩ ተቆርጦ ዝቅ ይበል አለ።

«አንተ ከላይ፣ መምሬ ከታች?» አለ ኑሪ። «አይሆንም።»

ግዛውም፣ «በዕድሜዬ አንድ ጊዜ ከሰው በላይ ልሆን ነበር፤ አስቀረህብኝ» አለ። መምሬ ደምሰው ያን ጊዜ በሳቅ ከጋቢናው ወረዱ።

ኑሪ መልሱን ቀድሞ አስቦት ነበር፤ የቀረው ልኩን ማወቅ ብቻ ነው። ከመምሬ መቀመጫ በላይ ያለውን የጣሪያ ክፍል በአራት ማዕዘን ቆርጦ ለብቻው በማጠፊያ ይገጥመዋል። መምሬ ሲቀመጡ እንደ ሣጥን ክዳን በአንድ ስንዝር ከፍ ይላል፤ ዙሪያው በድንኳን ሸራ ስለሚሸፈን ዝናብ አያስገባም። መኪናዋ ወደ ዕቃ ቤቱ ስትገባ ክዳኑ ይወርድና ከጣሪያው እኩል ይሆናል። የሰማሁትን ለመቃወም የሚያበቃ ምክንያት ፈለግሁ፤ አላገኘሁም።

መቆረጥ የጀመረችው በማግስቱ ጠዋት ነው። ኑሪ በመጀመሪያ ዓይኑን ጨፍኖ መዳፉን በጠመኔው መስመር ላይ ዙሪያዋን አስኬደ። ከዚያ ግራይንደሩን ትቶ የእጅ መጋዝ አነሣ፤ ጣሪያዋ አሉሚኒየም ነው፣ ሙቀት ያጣምመዋል አለ። ግዛው ቁሞ ማየት አልቻለም፤ ከቆርቆሮው አጥር ውጭ ወጥቶ የመጋዙ ድምፅ እስኪያቆም ተቀመጠ። ጣሪያው ሲነሣ ሁለት ሠራተኞች በአንድ ወገን ያዙ፤ በሌላው ወገን ሰው ጎደለ። እኔ ያዝሁ። አወርደው ዘንድ ኑሪ እስኪነግረኝ ድረስ ከእጄ እንዳይሾልክ የነበረኝን ፍርሃት አልረሳውም፤ ይህን ፍርሃት እርሱ ዐርባ አራት ዓመት በየቀኑ ሲሸከመው ኖሯል። ሰዎች ሥራውን በቀጠሮ ብቻ ይለኩታል።

ዐሥራ አንድ ቀን ከማለዳ እስከ ምሽት ሠራ። በመሀሉ የሌሎች ሰዎች ሁለት መኪናዎች ገብተው ሳይነኩ ቆሙ፤ ለባለቤቶቻቸው የእድሩ ሥራ እንደሚቀድም በግልጽ ነገራቸው። ሸራውን የእድሩ ሴቶች ከአሮጌው ድንኳን ቀደው ሰፉለት። በመጨረሻው ቀን ልማዱን አልሳተም፤ ስቱኮ የገባበትን ቦታ በጠመኔ አክብቦ አሳየኝ። ሦስት ቦታ ብቻ ነበር፤ ሦስቱም ከመዳፍ ያነሱ።

ግንቦት ሦስት፣ እሑድ፣ አባላቱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በአዳራሹ ፊት ተሰበሰቡ። ግዛው ከአቦ በኩል መጣ። ክዳኑ ተነሥቷል፤ ከሥሩ መምሬ ደምሰው አንገታቸውን አቅንተው ተቀምጠዋል፤ ጥምጥማቸው እንደታሰረ ነው። በሩ ላይ ሲደርሱ ወረዱ። ግዛው ክዳኑን ዘጋ፤ ጎማዎቹ ነፋሳቸውን እንደያዙ መኪናዋን ቀስ አድርጎ አስገባት። ኑሪ በአግዳሚውና በጣሪያው መካከል ሁለት ጣቱን አስገብቶ አወጣ። እናቶች እልል አሉ። ግዛው ግን ከመኪናዋ ሳይወርድ ቆየ፤ ሲወርድ ፊቱን በጋቢው ጠርጎ ነበር። መሸጥ የሚለው አጀንዳ ከዚያ በኋላ አልተነበበም።

ጉባኤው ሲጀመር እኔ ተነሣሁ። ከሰሌዳው ያወረድሁትን ወረቀት አነበብሁ፤ ቃል አባይ የሚለው በእኔ ግፊት የገባ መሆኑን ተናገርሁ፤ ኑሪ ለምን እንደዘገየ አንድም ሳላስቀር አስረዳሁ። ከዚያም ውሳኔው በሙሉ ከመዝገብ እንዲሰረዝ ጠየቅሁ። እጆች ሁሉ ወጡ። ኑሪ ብቻ እጁን አላወጣም።

«መምህር፣ ቀጠሮውን ግን አፍርሻለሁ» አለ ተነሥቶ። «ሦስት ቀን በከንቱ ተመላልሰዋል። እሱ አይሰረዝ።»

እንደ ቃሉ ተደረገ። በመዝገባችን ላይ ዛሬ፣ ኑሪ ሦስት ቀጠሮ ማፍረሱና ያፈረሰበት ምክንያት ጎን ለጎን ተጽፎ ይገኛል። ስድቡ ተሰርዟል።

ከዚያ ወዲህ ዐሥራ አንድ ቀብር ሆኗል፤ ድንኳኑ አንድም ቀን አልዘገየም። በሰፈራችን የላንድሮቨሯ ክዳን ተነሥቶ ያየ ሰው ካህኑ ከውስጥ እንዳሉ ያውቃል፤ ክርስቲያኑ መንገድ ዳር ቆሞ ራሱን ዝቅ ያደርጋል፤ ሙስሊሙም ሱቁ ደጃፍ ላይ ብድግ ይላል። ግዛው አሁንም ይነዳታል። ለዚህ ሁሉ ኑሪን በጉባኤ ፊት አመስግኜዋለሁ፤ ምስጋና የማበዛ ሰው አይደለሁም፣ ያን ዕለት ያልሁትን ግን አልቀንስም።

ይሁን እንጂ ያጎደልሁበት ነገር በምስጋና አይሞላም። ሁለት ጊዜ መቼ ብዬ ጠይቄዋለሁ። የሚቀመጥባትን ሰው ገና አልለካሁም ባለኝ ቀን፣ የትኛውን ሰው ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅሁም።